የባቡሯን ልብ የሸጥኩ ክረምት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

እኔ፣ ስሜና አድራሻዬ ያልተገለጸው፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ዓመት ከስምንት ወር የሆነኝ፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመታጠቢያ ቤታችን በር የወለቀ አንድ ቡሎን «የመጀመሪያው ባቡር ድልድዩን ሲሻገር የተፈታ ታሪካዊ ቡሎን» ብዬ ለአንዲት ጎብኚ ሸጫለሁ። ሴትዮዋ ዕንባ አቀረረች። እኔም ትንሽ ሆዴ ባባ። በሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልዘጋ ብሏል፤ አባባ ሲታጠብ ሰው መኖሩን የሚያሳውቀው እየዘፈነ ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ትምህርት ስለተዘጋና የማወራው ሰው ስለጠፋ አይደለም። ደብተሩ ስለተገኘ ነው። ትኬት ክፍል ውስጥ ምንም ያልተጻፈባቸው የጭነት መዝገቦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ላኪ፣ ተቀባይ፣ ክብደት» ይላል። ላኪ በሚለው ላይ «እኔ» ብያለሁ። ተቀባይን ባዶ ትቼዋለሁ።

የምንኖረው በድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ከትኬት መስኮቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው፤ እኔና አባባ፣ ማለትም የእናቴ አባት። ጣቢያው ሙዚየም ከሆነ ቆይቷል። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ነድቷል፤ አሁን የሙዚየሙ ኃላፊ፣ አስጎብኚ፣ ዘበኛና ጽዳት ነው። በአንዱም ደመወዝ የለውም። አዳራሹ መሃል አንዲት ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ቆማለች፤ «አሮጊቷ» እንላታለን። ጠዋት ጠዋት አባባ «እንዴት አደርሽ?» የሚለው መጀመሪያ ለእሷ ነው፣ ቀጥሎ ለእኔ። አልቀናም። እሷ ትበልጠኛለች።

ትናንት ከንብረት አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ሙዚየሙ በክረምቱ ውስጥ በራሱ ገቢ መቆም መቻሉን ካላሳየ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ይሆናል። ሎኮሞቲቩ ደግሞ «ይወገዳል»። አባባ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ እንደገና አነበበ። ጥፋቱ የመነጽሩ አልነበረም።

አዳራሹ ከተወሰደ ክፍሎቹም ይወሰዳሉ። አባባ አጎቴ ጋ፣ እኔ እማዬ ጋ። እማዬ ሌላ ከተማ ከባለቤቷና ከሕፃኑ ጋር ነው የምትኖረው። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ሶፋው እኮ ይዘረጋል» ብላኛለች። ለእኔ ምን ገዶኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

የሙዚየሙ ወዳጆች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ። አምስት አባላት። ዕድሜያቸው ቢደመር ባቡር ከመፈልሰፉ በፊት ይደርሳል።

ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህር ናት፤ እትዬ ሊቀመንበር እላታለሁ። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ እጅ አውጥቶ እንዲሆን ትፈልጋለች። ከእሷ ቀጥሎ ጋሽ ቆራጩ አለ፣ የድሮው ትኬት ቆራጭ። ትኬት የሚበሳባትን ቀዳጇን ከኪሱ አያወጣትም የሚሉ ተሳስተዋል፤ ዘወትር ያወጣታል። የመብራት ቢል ይበሳል፣ የልደት ካርዴን በስቶታል። «ፊሽካ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ ሳልጠራ ስለምጮህ።

«የመግቢያ ዋጋ እንጨምር» አለ አንዱ።

«ማን ገብቶ?» አለ ጋሽ ቆራጩ።

«አሮጊቷን ለሠርግ ፎቶ እናከራያት» አለች እትዬ ሊቀመንበር።

አባባ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ለብሳ? አሮጊቷ እኮ ግራሶ ናት!»

«ግራሶ ይጠረጋል።»

«የሷ ከተጠረገ ምን ይቀራል?»

እኔም ሽማግሌዎቹን በሰዓት ማከራየት እንደሚቻል ሃሳብ አቀረብኩ። ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

በመጨረሻ ተስማሙ። አሮጊቷ የምትጎትተው ፉርጎ አርባ ስምንት መቀመጫዎች ስፖንሰር ይፈለግላቸዋል፤ የከፈለ ሰው የፈለገው ስም በነሐስ ተቀርጾ ወንበሩ ላይ ይለጠፍለታል። መታሰቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ለእኔ ተሰጠ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ያልተነፈሰችው አሮጊት እሳት ተለኩሶላት፣ በቀረችን ሁለት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ሰው ጭና ትሄዳለች። ነጂው አባባ ነው። ይህ ሲባል አባባ ኮፍያውን አስተካከለ። ኮፍያ አላደረገም ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ስሞቹን የምቀርጸው እኔ ነኝ። በመዶሻና በፊደል ብረት፣ አንድ በአንድ። አውራ ጣቴ ወይን ጠጅ ሆኗል። ጋሽ ቆራጩ መቀመጫ ቁጥር 12ን ገዛ። ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው ወረቀት ሰጠኝ፦ «ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ትኬት እዚህ ለተቀመጠው ሰውዬ። አልረሳሁህም።» ሲያነበው ዓይኑ አበራ። በፍቅር ነው በቂም ነው፣ አልለየልኝም።

ጠረጴዛዬም ደርቷል። የዛገ ሚስማር፣ ቡሎን፣ የድሮ ትኬት። ከእያንዳንዱ ጋር በእጄ የተጻፈ «ማረጋገጫ» አለ። ማረጋገጫውን ጋሽ ቆራጩ ይበሳዋል። ሰው የሚገዛው ቡሎኑን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

እማዬ ደወለች። አራት ደቂቃ። ሕፃኑ ጥርስ አወጣ። ወንበር ግዢ አልኳት። «ደመወዝ ሲገባ፣ የኔ እናት።»

ቁጥር 31ን፣ መስኮት ዳር ያለውን፣ «ተይዟል» ብዬ ምልክት አደረግኩበት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ! ጠረጴዛዬ ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፈረ። እስከ አራት ሰዓት የቡሎን ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ገበያ ደርቶ ዕቃ ሲያልቅ እንዴት እንደሚያንገበግብ ዛሬ አየሁ። ወደ አባባ ዎርክሾፕ ሮጥኩ። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ ቡሎን። መሃሉ በግራጫ ነገር የተሞላ፣ ራሱ ላይ የፋብሪካ ማህተም ያለበት። የሚያምር ነገር። አባባ አሮጊቷ ላይ ወጥቶ ለሕፃናት ያስጎበኝ ነበር። ልጠይቀው አሰብኩ። ሃሳቡ የቆየው አንድ እርምጃ ያህል ነው።

የገዛው ባርኔጣ ያደረገ፣ ጥርሱ ከልክ በላይ የነጣ ሰውዬ ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ይሄ ጌታዬ፣ የባቡሯ ልብ ነው። ያለዚህ ንቅንቅ አትልም።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ይህ የባቡሯ ልብ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ከዛሬ ጎብኚዎች ሁሉ አብልጦ የከፈለው እሱ ነው።

ማታ አባባ የገንዘቡን ሳጥን ከፍቶ ሲያይ፣ «አንቺ ልጅ ጣቢያውን ልታተርፊው ነው!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እጁ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ጥሩ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

የባቡሯን ቦይለር፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበትን ጋን፣ የሚመረምረው ሰውዬ ቀን ቆረጠ፤ ዓርብ፣ ሐምሌ 25። እሱ ሳይፈርም እሳት አይለኮስም።

ቁርስ ላይ አባባ በደስታ ሲያስረዳኝ፣ «እሳቱና ውሃው መሃል አንዲት ቡሎን አለች» አለ። «መሃሏ ቶሎ የሚቀልጥ ብረት ነው። ውሃው ሲያልቅ ትቀልጥና እንፋሎቱ ወርዶ እሳቱን ያጠፋል። እሷ ከሌለች ቦይለሩ ይፈነዳል። አሁን ያለችው ተበልታለች። መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።»

«ታዲያ ሌላ አይገዛም?»

«ፋብሪካው ድሮ ተዘጋ። እኔ ግን አንዲት መጠባበቂያ ደብቄያለሁ።» ሳቀ። «ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ቆርቆሮውን ከፈተ። ዘጋ። ከፈተ። ጨርቁን አራገፈ። «እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት» አለ። ከዚያ በቀስታ፣ «እዚህ አልነበረም እንዴ ያስቀመጥኩት?»

ዞሮ አየኝ። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም። ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል የሚል ነገር በሃሳቡ እንኳ አላለፈም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

አልነገርኩትም። ነገ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

አልነገርኩትም። ፍሪጅ ውስጥ ሲፈልግ አገኘሁት። «ሰው ሲያረጅ ፍሪጅ ውስጥም ያስቀምጣል ይባላል» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሳቅኩለት። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ግድግዳው ላይ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። በአባባ ትልልቅ ፊደላት። «ጋዙን ዝጋ።» «ቁልፉ ግራ ኪስህ ውስጥ ነው።» «መድኃኒት ወስደሃል? በሉ ጠይቁት።» የመጨረሻው ለእኔ የተጻፈ ነው፤ «በሉ» ያለው እንደ ብዙ ሰው ቆጥሮኝ ነው።

ከምሳ በኋላ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «ነይ ፈትኚኝ። ጣቢያዎቹን በቅደም ተከተል።» አሥራ ዘጠኙንም ጠራቸው፣ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ። ውሃ የሚሞላባቸውን፣ ቁልቁለት ያለባቸውን፣ ሻይ የሚጣፍጥበትን ሳይቀር። አንድ አልሳተም።

«ታዲያ ይሄ ጭንቅላት ነው የረሳው?» አለ።

«ምናልባት አባባ… ሌላ ሰው አንስቶት…»

«ሌላ ማን አለ እዚህ ቤት?»

እውነቱን ነው። ሌላ ማንም የለም።

ይህን ጊዜ ነበር መናገር። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የሆነ ነገር አሰብኩ፦ ካወቀ፣ ነገ ጠዋት አሮጊቷን «እንዴት አደርሽ» ካለ በኋላ ወደ እኔ ሳይዞር ቢቀርስ? ዋጥኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ሳልፈልግ የሰማሁት (መስኮቱን በጥቂቱ ከፍቼ)፦

እትዬ ሊቀመንበር፦ «ለሰውዬው አዝናለሁ። ግን አርባ ስምንት ሰው ነው የሚጭነው። ቡሎኑ ቢገኝ እንኳ ባቡሯን ለሱ እንስጠው?»

ጋሽ ቆራጩ፦ «አንቺስ ባለፈው መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ሰዓት ሙሉ ስትፈልጊ ማን ከስብሰባ አባረረሽ?»

«መነጽር አይፈነዳም!»

የጋሽ ቆራጩ ቀዳጅ ባዶ ወረቀት ስትነክስ ትሰማለች፤ ቅጭ፣ ቅጭ።

«ሐሙስ እንሰብሰብ» አለች። «የወንበሩን ሰዎች ገንዘብ እንመልስ። የአሮጊቷንም ቁልፍ በክብር እንቀበለው። ከዚያ ለንብረት አስተዳደሮቹ እጃችንን እንሰጣለን።»

እማዬ ደወለች። አላነሳሁም። ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ይዘረጋል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

የባቡር ሰዎች አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ አባባ ዛሬ ነገረኝ። ጥፋት ያደረሰ ነጂ አለቃው እስኪጠራው አይጠብቅም። ሎኮሞቲቩን ያቆማል፣ በራሱ እግር ይወርዳል፣ ያጠፋውን በገዛ እጁ ጽፎ ያስረክባል። «ተገፍቶ የወረደ ተመልሶ አይወጣም። ራሱ የወረደ ግን አንዳንዴ ይመለሳል» አለ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን አልወረደም።

ከዚያ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ለሐሙስ የሚያቀርበው ሪፖርት ነው። «ፊደሌ ተንጋደደ፤ እስቲ በጥሩው ጽሑፍሽ ገልብጪልኝ፣ ልጄ።»

ገለበጥኩት። በዚህ እጄ። «በእርጅናዬና በመርሳቴ ምክንያት የቦይለሩን መጠባበቂያ ቡሎን ያጠፋሁ ስለሆነ፣ የሰው ሕይወት በእጄ ሊሰጥ እንደማይገባ አምኜ…»

«አምኜ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥኩ። «ቀለም አለቀ እንዴ?» አለኝ። አላለቀም አልኩና ቀጠልኩ። ጨርሼ ሰጠሁት። «ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል» አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዛሬ እንኳ እንደ ሰው የሚያስቆጥር ነገር ሠራሁ። ወይም ልሠራ ነበር።

የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ቅዳሜ ሐምሌ 12ን ገለጥኩ። ከሰዎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ስሙ አይነበብም፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። እንግዲህ ሐኪም ነው። ጥርሱ ደግሞ የነጣ ነበር። እንግዲህ የጥርስ ሐኪም ነው። ከተማው ውስጥ ሦስት አሉ። ዝናቡ እስከ ካልሲዬ ገባ። ሦስተኛው ጋ፣ ገና ከበሩ ባርኔጣውን ግድግዳ ላይ አየሁት።

ጸሐፊዋ ሳትጠይቀኝ ወንበሩ ላይ አስተኛችኝ። ሰውዬው መብራቱን አብርቶ «አፍሽን ክፈቺ» አለኝ።

«ዶክተር፣ ጥርሴን አይደለም። ልቡን ነው።»

አፌ ውስጥ መስታወት እያለ ነው ያልኩት። ሳላቋርጥ ሁሉንም ነገርኩት። ከቆርቆሮው ጀምሬ እስከ ሪፖርቱ። ለማንም ያልነገርኩትን ለማላውቀው ሰው፣ ተጋድሜ። ቡሎኑ መደርደሪያው ላይ፣ ከፕላስቲክ መንጋጋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንስቶ በጨርቅ ጠቀለለልኝ። ከጠረጴዛዬ ያገኘሁትን ገንዘብ ልመልስ ስል አልተቀበለኝም። አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማረጋገጫውን ግን አልመልስም» አለ። «ለሰው ሁሉ ያሳየሁት እሱን ነው። ‹ያለዚህ ንቅንቅ አትልም› ያልሽው እኮ እውነት ነው።» ከዚያ በሩ ላይ፣ «በግራ በኩል አንድ ጥርስሽ ተበልቷል። ነይና ይታያል።»

እስከ ቤት ሮጥኩ። እቅዴ ቀላል ነበር፦ ቡሎኑን ቆርቆሮው ውስጥ መልሶ ማስቀመጥ፣ ጨርቁን መጠቅለል፣ ነገ ጠዋት «አባባ፣ እስቲ እንደገና እንይ!» ማለት። ይደሰታል። መርማሪው ይፈርማል። አሮጊቷ ትሄዳለች። ማንም አያውቅም።

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ውስጡ ወረቀት አለ። በአባባ ትልልቅ ፊደላት፦

«እዚህ ሰባት ጊዜ ፈልገሃል። የለም። አትድከም።»

ቡሎኑን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። አየሁት። ነገ ይህን ከፍቶ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ታየኝ። ቡሎኑን አግኝቶ ራሱን ያጣል። ሰባት ጊዜ ዓይኑ እያየ እንዳላየ ያምናል። እንኳን ባቡር፣ ከዚያ በኋላ ምጣድ ጋዝ ላይ መጣድ አይደፍርም።

መልሼ አወጣሁት። ኪሴ ውስጥ ከብዶኛል። እንደዚህ ትንሽ ነገር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ስብሰባው ተጀምሯል። እኔ ትኬት ክፍል ነኝ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ በስንጥቁ አያለሁ። ቡሎኑ መዝገቡ አጠገብ ነው።

ጠዋት ልነግረው ገብቼ ነበር። ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። «አባባ» አልኩት። «ቆይ ልጄ፣ ዛሬ ንጹሕ ለብሼ ነው መውረድ ያለብኝ» አለኝ። ወጣሁ። ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

እትዬ ሊቀመንበር ሪፖርቱን እያነበበች ነው። የትምህርት ቤት ድምጿ ጠፍቷል፤ እንደ ሰው ነው የምታነበው። «በእርጅናዬና በመርሳቴ ምክንያት…» ወረቀቱን በብርሃን በኩል ስትይዘው ጽሑፌ ከዚህ ይታያል።

አባባ ቆሟል። የነጂ ኮፍያው፣ እውነተኛው፣ በእጁ ነው።

«አልቀበልም» አለ ጋሽ ቆራጩ።

«ምኑን?» አለች።

«እኔ እንጃ። አልቀበልም ብቻ።»

«ተው ወንድሜ» አለ አባባ። «ሲወርዱ መያዝ ጥሩ አይደለም፣ ሰው ይወድቃል።»

የአሮጊቷን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም አልነካውም። አባባ ሊቀመጥ ፈልጎ ወንበሩን በእጁ ዳበሰ፤ ወንበሩ ከኋላው እያለ። አሁን እጅ አውጡ ትላለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጨርስና እገባለሁ።

ይህን ልጨርስ።

«ውሃ ስጡት፣ ፊቱ ልክ አይደለም» አለች እትዬ ሊቀመንበር። የውሃው ማሰሮ ያለው እዚህ፣ እኔ ጋ ነው። የጋሽ ቆራጩ ጫማ ወደዚህ እየመጣ ነው፤ አንዱ ይጮኻል። ኪሴ ሰፊ ነው። ቡሎኑን ለማንሳት ጊዜ አለኝ። አላነሳሁትም። መሃል ላይ፣ መስኮቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ገፋ አደረግኩት።

መስኮቱ ተከፈተ። ውሃ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ቡሎኑን አየ። እኔን አየ። አባባን ዞሮ አየ። አዳራሹ ሁሉ ወደዚህ ዞሯል፣ አባባም።

«ፊሽካ!» አለ ጋሽ ቆራጩ።

አቤት።